የቱ ነው ሀገር በቀሉ?

የጦሳው፦ ትናንት ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንዱ ባለሙያ በቴሌቪዥን የመንግሥት የኢኮኖሚ ማሻሻያው «ሀገር በቀል» ነው፣ አበዳሪዎቹ የደገፉን ብቻ ነው ሲል ሻዩ አነቀኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ ዋሽንግተን ላይ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በማግስቱ ዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ጨመረ። ይሄ ሁሉ ግጥምጥሞሽ ነው?

ቦርከና፦ አብሽር የጦሳው። መጀመሪያ ሁለቱን አትቀላቅል፣ አይኤምኤፍ ሌላ፣ ዓለም ባንክ ሌላ። ከ1.5ቱ ደግሞ 1 ቢሊዮኑ ስጦታ ነው። አይመለስም።

የጦሳው፦ አንዱ ጥጃውን ይይዛል፣ አንዱ ያልባል። ላሟ ያው እኛ ነን።

ሸርፍ ተራ፦ ሰው ቶሎ ይረሳል። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት ባንክ ዶላሩን 57 ብር ይልሃል፣ ሄደህ ስትጠይቅ ግን ዶላር የለም። ሱቄ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ በተገዛ ዶላር የገባ ነው። ዋጋውማ ድሮ ወጥቷል።

የኩታበሯ፦ ለሱቅህ ይሆናል። የእናቴን የስኳር መድኃኒት ካርቶን ላሳይህ? የድሮው ዋጋ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ከሥሩ አዲስ ተጽፏል። እሱም ተሰርዟል። ሦስት ቁጥር አንድ ካርቶን ላይ። የቱ ነው ሀገር በቀሉ?

ቦርከና፦ መድኃኒት ይደጎማል ተብሏል እኮ።

የኩታበሯ፦ «ተብሏል»ን ፋርማሲው አይቀበልም።

የጦሳው፦ ሀገር በቀል ማለት ወይራ ነው፣ ጽድ ነው። ይሄኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከውጭ መጣ፣ ምንጩን መጠጠ።

የሐይቁ፦ ቆይ ቆይ፣ ባሕር ዛፉ ምን አደረገህ? አባቴ አራት ልጅ ያስተማረው አጣና ሸጦ ነው። አንተስ የተወለድክበት ቤት በወይራ ነው የተሠራው?

የጦሳው፦ ምሳሌ ነው ወንድሜ።

የሐይቁ፦ ምሳሌህን ሌላ ዛፍ ላይ አድርገው።

ቦርከና፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔትን፣ ያ ችግረኛው ሠርቶ እህል ወይም ገንዘብ የሚያገኝበትን ፕሮግራም፣ ከሚደጉሙት አንዱ ዓለም ባንክ ነው። ኩታበርን ጠይቁ። ያ ሁሉ ተራራ ላይ ያለው እርከን የማን ነው?

የኩታበሯ፦ የአክስቴ ነዋ! በወር አምስት ቀን ድንጋይ ተሸክማ የካበችው። አንድም የባንክ ሰው ጀርባው ሲላጥ አላየሁም።

ቦርከና፦ ድንጋዩ የሷ፣ ስንዴው ግን ከየት መጣ?

ሸርፍ ተራ፦ የ66ንና የ77ን ረሃብ ያየ ወሎዬ በስንዴ አይቀልድም።

የጦሳው፦ በአላህ፣ 77ን የብድር ማስታወቂያ አታድርጉብኝ። በዚያ ዓመት አያቴን ቆቦ መንገድ ላይ ቀብረናል።

ሸርፍ ተራ፦ አፉ በለኝ። እንደዛ ለማለት አይደለም።

ቦርከና፦ እሺ፣ አማራጩን ንገረኝ። ታኅሣሥ 2016 ላይ የዩሮቦንዱን፣ ከውጭ ገበያ በቦንድ የተበደርነውን፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀርተናል። ለ33 ሚሊዮን! በየት በኩል ትሄድ ነበር?

የጦሳው፦ አትበደሩ መቼ አልኩ? ስሙን በስሙ ጥሩት ነው ያልኩት። ቸገረን፣ ተበደርን፣ ያሉንን አደረግን በሉ። በ1985 ብሩ ወርዶ አንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲገባ የማን ምክር እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። «ሀገር በቀል» ያለው አልነበረም።

ቦርከና፦ ስም ብቻ ነው ያስቸገረህ ማለት ነዋ።

የጦሳው፦ «ብቻ»?

የሐይቁ፦ እኔም ስም ነው ያስቸገረኝ። ባሕር ዛፉን ሳታነሳ እለፈው።

ሸርፍ ተራ፦ ለመሆኑ አጣና ስንት ገባ? ቤት እያደስኩ ነው።

የሐይቁ፦ ጨምሯል።

የኩታበሯ፦ እሱም በዶላር ነው እንዴ የሚገባው?