ባህር ዳር ላይ ከጓደኛ ጋር የዳርክ ፋንታሲ ጌም ለመጀመር የቱ ይሻላል? ሦስቱን ሞክረናቸዋል

ባለፈው ስለ ጠረጴዛ ጌማችን ስለጥፍ "ምንድነው እሱ፣ የት ይገኛል፣ ስንት ነው" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልፃፈው። ሦስቱም (ሞርክ ቦርግ፣ ሻዶውዳርክና ኬርን) በነፃ የሚወርድ ፒዲኤፍ አላቸው፣ ወጪያችሁ ፎቶ ኮፒና ቆሎ ነው።

ለማያውቀው፦ ዳርክ ፋንታሲ ማለት ጨለማና ጭራቅ የበዛበት የፈጠራ ዓለም ነው፣ ጌሙ በወሬ ነው የሚካሄደው፣ ቦርድም ጠጠርም የለውም። አንዱ አጫዋች ይሆናል (ጌም ማስተር የሚሉት ነው፣ እኛ አጫዋች ብለነዋል)፣ ያላችሁበትን ቦታ ይነግራችኋል፣ እናንተ ምን እንደምታደርጉ ትናገራላችሁ፣ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። በቃ። የሁሉም አባት በፈረንጆቹ ከ1974 ጀምሮ ያለው ዲኤንዲ (ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ) ነው፣ ግን ለጀማሪ አልመክረውም፣ ህጉን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ክረምቱ ይወጣል።

መጀመሪያ የሞከርነው ሞርክ ቦርግን ነው። የስዊድኖች ስራ ነው፣ በፈረንጆቹ 2020 የወጣ፣ ስሙም የጨለማ ምሽግ እንደማለት። ሙሉው መፅሐፍ ቢጫና ጥቁር በስዕል የታጨቀ ስለሆነ ኮፒ ቤት ከወሰዳችሁት ጥላሸት ሆኖ ነው የሚመለሰው፣ ስዕል የሌለውን ነፃውን አውርዱ። ሀሳቡ ይገርማል፣ ዓለም ልታልቅ ነው፣ በየንጋቱ አጫዋቹ ዳይስ ይጥላል፣ 1 ከመጣ ከትንቢቱ አንድ መዓት ይወርዳል፣ ሰባተኛው ላይ ዓለም አለቀ፣ መፅሐፉንም አቃጥሉት ይላል። (የኮፒ ብር ከፍለን ማን ያቃጥላል!) ሌላው ጥሩ ነገር ውጊያ ላይ ለመምታትም ለመከላከልም ዳይስ የሚጥሉት ተጫዋቾቹ ናቸው፣ አጫዋቹ በአብዛኛው አፉን ነው የሚያሰራው። ችግሩ እኛጋ ቅኔ ቤት የቆየ ዲያቆን ጓደኛ አለ፣ መዓቶቹ እንደ መዝሙረ ዳዊት በምዕራፍና በቁጥር መፃፋቸውን ሲያይ ወረቀቱን አስቀመጠና "በመዝሙር አልጫወትም" አለ። የራሳቸው ፈጠራ ነው እንጂ ዳዊት አይደለም ብለን ብናስረዳው ወይ ፍንክች። እኔም አልፈረድኩበትም፣ ከማን ጋር እንደምትጫወቱ አይታችሁ ምረጡ።

ቀጥሎ ሻዶውዳርክ፣ በፈረንጆቹ 2023 የወጣ። እዚህ ጌም ላይ አንድ ህግ ብቻ ንገረኝ ብትሉኝ የችቦውን እነግራችኋለሁ። ጉድጓድ ውስጥ የለኮሳችሁት ችቦ የሚቆየው በእውነተኛው ሰዓት አንድ ሰዓት ነው፣ የስልክ ታይመር ሞልታችሁ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ በጨለማ የሚያይ ተጫዋች ደግሞ የለም፣ ስለዚህ "ይሄን በር እንክፈተው አንክፈተው" እያላችሁ ስትከራከሩ ችቦው እየነደደ ነው። እኛ ስንጫወት መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ ጧፍ ለኮስንና ቀጠልን፣ ታይመሩ ሲጮህ ደግሞ አንዷ "የቱ ነው የጠፋው የኛው ነው የጌሙ?" አለች፣ ከዛ በኋላ መብራት ሲመጣም ሁሌ በጧፍ ነው የምንጫወተው። ጉድለቱ ከባለ 4 ፊት እስከ ባለ 20 ፊት የዳይስ አይነቱ ሁሉ ይፈለጋል፣ ሙሉው መፅሐፍ ደግሞ ከ300 ገፅ በላይ ነው። ለመሞከር ግን ነፃው የጀማሪ ቅጂ ይበቃል።

የኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው፣ ኬርን። የሚያስፈራ ጫካ ውስጥ የሚገቡ ምስኪን ጀብደኞች ናችሁ። የጀብደኛው መለኪያ ሦስት ብቻ ነው፣ እኛ ጉልበት፣ ቅልጥፍናና ወኔ ብለነዋል፣ ለእያንዳንዱ ተራውን የሉዶ ዳይስ ሦስቴ ጥላችሁ ትደምራላችሁ። የመታ አይስትም፣ በቀጥታ ምን ያህል እንደጎዳ ነው ዳይስ የሚጣለው፣ ስለዚህ ውጊያ ቶሎ ያልቃል፣ ሰውም ቶሎ ይሞታል። የምትሸከሙት 10 ቦታ ብቻ ነው፣ ድካምም ቦታ ይይዛል፣ ስንቅ ልጣል ገመድ ልጣል የሚለው ጭቅጭቅ ከጭራቁ በላይ አጫውቶናል። ከሁሉም በላይ ግን ፅሁፉ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቀ ነው፣ ምንጩን እስከጠቀሳችሁና የሰራችሁትንም በዛው ፈቃድ እስከለቀቃችሁ ድረስ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ማሰራጨት ትችላላችሁ። እኛ ግማሹን መልሰናል፣ እንግሊዝኛ ሲነበብ ዝም ይል የነበረው ሁሉ በአማርኛ ሲሆን አፉ ተፈታ። ዲያቆኑማ አትጠይቁኝ፣ ጫካው ውስጥ አንድ ባህታዊ "ውሃው ጠልቋል" ቢለው ሰሙ ይሄ ነው ወርቁ ያ ነው እያለ ሩብ ሰዓት ፈጀብን፣ እኔ እንደ አጫዋች ምንም ወርቅ አላስቀመጥኩም ነበር፣ ግን ያገኘው ትርጉም ከኔ ታሪክ ስለበለጠ ዝም ብዬ ተቀበልኩት።

አሁን የምንጫወተው ህጉን ከኬርን፣ ችቦውን ከሻዶውዳርክ ወስደን ነው። ጫካውን የዘጌን ቡና ጫካ አስመስዬ ሰራሁት፣ ሐይቅ የከበበው፣ ጠባብ መንገድ፣ ማታ ላይ ደወል የሚሰማበት። ጭራቅ ስትፈጥሩ አንድ ነገር ግን አደራ፣ ወደ ጅብ የሚለወጥ ቀጥቃጭ ምናምን አታስገቡ። እኛ አገር በዚህ ወሬ ብረት ሰሪውና ሸክላ ሰሪው ስንት ዘመን ተሰድቧል፣ ጨዋታ ላይ ደግሞ አንድገመው።

ዳይስ፦ ሦስቱም ጌሞች የሚፈልጉትን ባለ 20 ፊቱን እኔ ዞሬ አላገኘሁም። ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ አፕ አለ ግን ስልክ ያወጣ ሰው ቲክቶክ ሳያይ አይመለስም። መፍትሄያችን 20 የቢራ ቆርኪ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ፅፈን ከረጢት ውስጥ መክተት ነው፣ አውጥታችሁ አይታችሁ ትመልሱታላችሁ፣ እድሉ ከዳይስ እኩል ነው። ካልመለሳችሁት ግን ይበላሻል።

ቦታ፦ ካፌ አይሆንም። አንዱጋ ሞክረን ባለቤቱ ቆርኪውንና ወረቀቱን አይቶ ቁማር መሰለው፣ እኛም ስናስረዳ የባሰ አስመሰልነው። ሐይቅ ዳር በቀን ጥሩ ነው ነፋሱ ወረቀት ባይወስድ። የሚሻለው የአንዳችሁ ኪራይ ቤት ነው፣ ባጃጅ ሳይጠፋ ለመበተን 9 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ኮፒ ፖሊና ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዱ አሰሩ፣ ሁለት ገፅ በአንድ ወረቀት በሉት፣ ይነበባል።

ከናንተ የመጡ ሁለት ጥያቄዎች፦

— ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ እኔና እህቴ ብቻ ነን፣ ሁለት ሰው ይበቃል?

ይበቃል እህቴ፣ ኬርን ራሱ አንድ አጫዋችና ቢያንስ አንድ ተጫዋች ነው የሚለው። ብቻዋን ቶሎ እንዳትሞትብሽ ግን ችቦ የሚይዝ ቅጥረኛ ስጫት።

— ቆርኪው ማጭበርበሪያ የለውም?

አለው እንጂ! ሻዶውዳርክ ስንጫወት አንዱ ጓደኛችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ትልቁን ቁጥር፣ 20ን ብቻ ሲያወጣ ጀግና ነው ብለን፣ ለካ የ20ው ቆርኪ ሲከፈት ተጣሞ ነበር፣ በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚያወጣው። ሲከፈት ያልተጣመመ ለቅማችሁ ምረጡ።