ከጎደሉ ኪቶች የሚገጣጠም የምናብ አውሮፕላን፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ከጎደሉ የአውሮፕላን ሞዴሎች የምናብ አውሮፕላን ስለመገጣጠም ለወጣቶች ማዕከሉ የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ መነሻ ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ማዕከሉ ክፍልና ጠረጴዛ እንዲፈቅድልን የምንጠይቀው በአንድ ድምፅ ስለሆነ፣ ከመላኩ በፊት የደብረ ሲናም የአንኮበርም አባላት እንድታርሙትና የጎደለውን እንድትጨምሩበት እጠይቃለሁ።

ችግራችን የታወቀ ነው። ኪት፣ ማለትም ተገጣጥሞ ትንሽ የአውሮፕላን ሞዴል የሚሆን የፕላስቲክ ክፍሎች ሳጥን፣ እጃችን የሚገባው ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ነው፤ ሲደርሰንም ብዙውን ጊዜ ሳጥኑ ሻንጣ ውስጥ ተጨፍልቆ፣ ክንፉ ተሰብሮ ወይም የአብራሪው መስተዋት ጠፍቶ ነው። በመዝገባችን ላይ ያሉትን የድሮ አውሮፕላኖች ሞዴሎች፣ ሁለት ባለ ሁለት ሞተር ዳኮታዎች፣ ሁለት ባለ አንድ ሞተር ላይሳንደሮች፣ አንድ ሽቶርክና የላይ ክንፉ የጠፋበትን ታይገር ሞዝ ሳጥኑ ላይ እንዳለው ሥዕል አድርገን እንገጣጥም ብንል አንዱም አይሞላልንም። የአንዱን ክንፍ ለሌላው አካል፣ የሌላውን ሞተር ለሦስተኛው ብንሰጥ ግን፣ ኖሮ የማያውቅ፣ ቢኖር ኖሮ ግን መብረር ይችል የነበረ አውሮፕላን ከጎደሎዎቹ ይወጣል።

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ክፍል ሁሉ ከክፍል ሁሉ ጋር ስለተጣበቀ ብቻ አውሮፕላን አይሆንም፤ ሦስት ጭራና አምስት ሞተር የተሰካበት ነገር ለአንድ ቀን ያስቃል እንጂ ሰው ቆሞ አያየውም። ስለዚህ ማንኛውም አባል ምላጭ ከማንሣቱ በፊት፣ አውሮፕላኑን ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደተፈለገና ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ለመጀመሪያው ሥራ ያሰብኩት የሚከተለውን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዳኮታ ነበር። ምናባችን ከዚህ ይነሣል፦ ከእነዚያ ዳኮታዎች አንዱ ተከስክሶ ሁለቱ ሞተሮቹ ደኅና ሆነው ቢተርፉ፣ አንድ ወርክሾፕም ከጦርነቱ የቀረ የላይሳንደር አካል አግኝቶ አንዱን ሞተር ቢገጥምለት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳና ወደ ሸዋ ሮቢት ፖስታና ሕመምተኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን በኖረን ነበር። ላይሳንደር በአጭርና ባልተደለደለ ሜዳ ላይ ለማረፍ የተሠራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በሌሊት ፈረንሳይ ገጠር እያረፈ ሰላዮችን ያወርድና ያነሣ የነበረ ስለሆነ ለእኛ አገር አቀማመጥ ባዕድ አይሆንም።

የክፍሎች መዝገብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን

ረቂቁን አይቼዋለሁ፤ ጸሐፊያችን የዘለሉት ነገር ስላለ እርሱን ልሙላ። ሐሳብ ስናወጣ የምንመካው በታሪኩ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሚያሳፍረን ግን ልኬት ነው። የሁሉም ሥራ መጠን 1፡72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ፣ እንዲሆን በጽሑፍ ይግባልኝ፤ አብዛኞቹ የኤርፊክስ ኩባንያ ኪቶቻችንም የዚህ መጠን ናቸው።

ታሪኩ በልኬት ይቆም እንደሆነ ለማየት ትናንት ማታ ካሊፐር የተባለውን መለኪያ ይዤ ተቀምጬ ነበር። የዳኮታው እውነተኛ ሞተር ወርዱ 1.22 ሜትር ሲሆን የላይሳንደሩ፣ ሜርኩሪ የተባለው ሞተር፣ 1.31 ሜትር ገደማ ነው፤ ለ72 ሲካፈሉ የመጀመሪያው 17፣ ሁለተኛው 18 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ የዳኮታው ሞተር በላይሳንደሩ የሞተር ሽፋን ውስጥ ሳይቸገር ይገባል፤ ዙሪያውን የሚቀረው ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተትም አንድ ዙር ስስ ካርቶን ሲጠመጠምበት ይጠፋል። ሽፋኑን ሳልቆርጥ እንዲሁ ሰክቼ ሳየው፣ በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ሲሊንደር የነበረው አፍንጫ በሁለት ረድፍ አሥራ አራት ሲሊንደር ሞልቶ ታየኝ፤ ሞዴል የሚያውቅ ሰው ገና ከበሩ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ለውጥ ሲያይ ነው። የዳኮታው ፕሮፔለር 49 ሚሊ ሜትር ስለሆነና የላይሳንደሩ እግር ረጅም ስለሆነ መሬት አይነካም።

አንድ አባል ከ1፡48 ኪት የተረፉ ጎማዎችን አምጥተው «መጠኑ ስለማይገጥም አይሆንም» ተብለው መመለሳቸውን ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን ስሕተት ነበር። ጎማ ክብ ነው፤ የ1፡48 ትንሽ ጎማ በ1፡72 ትልቅ ጎማ ይሆናል፣ ለጭቃ ሜዳ የሚፈለገውም እርሱ ነው። ከሌላ መጠን መውሰድ የማይቻለው የሰው ልክ የሚታይበትን ብቻ ነው፦ በርን፣ ወንበርን፣ መሰላልንና የአብራሪውን መስተዋት።

የባለቤትነትንም ነገር አሁን እንጨርሰው። የተቆረጠ ኪት ተመልሶ ኪት አይሆንም። ስለዚህ ሰጪው ክፍሉን ሲያስረክብ በመዝገብ ይፈርም፤ የተቆረጠው የማኅበሩ፣ ያልተነካው ትራፊ የሰጪው ይሁን። ባለፈው ዓመት በአንድ ጥንድ የሽቶርክ ክንፍ ድጋፍ ዘንግ ምክንያት ሁለት ሰዎች ለሦስት ወር ሳይነጋገሩ መክረማቸውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

የፊዚክስ መምህርት፣ ደብረ ሲና

ጸሐፊው ስለ ግማሽ ገጹ ያሉትን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ገጽ ላይ የሜዳው ከፍታ ካልተጻፈ ወረቀቱ ተረት ሆኖ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ትገኛለች። በመደበኛ ስሌት በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ክንፍ የሚያነሣው አየሩን ተደግፎ ስለሆነ፣ ያው አውሮፕላን ያንኑ ጭነት ይዞ ከዚህ ለመነሣት በ15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ለመፍጠን ደግሞ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ነገሩ ይብሳል፤ ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ናት፣ ችግሩም ይቀልላል።

በፍጥነት ሳይሆን በክንፍ ስፋት ብቻ እናካክሰው ካልን፣ 24 ካሬ ሜትር የሆነው የላይሳንደር ክንፍ ወደ 32 መድረስ አለበት፤ ይህ ደግሞ ሞዴሉን ጆሮው ከአካሉ የበለጠ አህያ ያስመስለዋል። 900 የፈረስ ጉልበት በማይሞላው ሞተር ፋንታ 1,200 የፈረስ ጉልበት ያለው የዳኮታ ሞተር ስለሚገባ፣ የጉድለቱን አንድ ክፍል ሞተሩ ይሸከማል። ለቀሪው በየክንፉ 15 ሚሊ ሜትር እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ይህ በእውነተኛው መጠን ከ1 ሜትር ጥቂት ይበልጣል።

የት እንደሚጨመር ግን ልብ ይባል። የላይሳንደር ክንፍ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ፣ ድጋፍ ዘንጉ በሚያርፍበት መሐል ላይ ሰፊ፣ ከዚያም እንደገና እየጠበበ የሚሄድ ነው። ጫፉ ላይ ብንቀጥል ቅርጹ ይበላሻል። በሰፊው ቦታ ቆርጠን ሁለት ጠርዙ ትይዩ የሆነ ቁራጭ ብናስገባ ግን የፊቱም የኋላውም መስመር ሳይሰበር ይቀጥላል፤ ቁራጩ በሰፊው ቦታ ስለሚገባም የክንፉ ስፋት ከ15 በመቶ በላይ ይጨምራል። በተጨማሪ አዲሱ ሞተር ከቀድሞው ስለሚከብድ፣ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ወደ ክንፉ መቅረብ አለበት። ስለዚህ አፍንጫው 2 ሚሊ ሜትር ይጠር፤ ለምን እንዳጠረም በግማሽ ገጹ ላይ ይጻፍ።

ከአንኮበር፣ በዕድሜ የገፉ አባል

ልጆቼ፣ የተጻፈውን ሁሉ የልጅ ልጄ አነበበልኝ። መምህርቷ ስለ አየሩ የተናገረችው ልክ ነው፤ አንኮበር ዳገት ላይ የሚያድግ ሰው ይህን በደረቱ ያውቀዋል።

ሁለት ነገር ግን አልተመቸኝም። የመጀመሪያው፣ ጸሐፊያችን ዳኮታው እንዲከሰከስ ማድረጉ ነው። አየር መንገዱ የሁላችን ነው፤ በእውነት ያልደረሰበትን አደጋ በምናባችን አንጻፍበት፤ ሰው የሞተበት ቤተሰብም ያነበዋል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ትርፍ ሞተር በየአገሩ ይሸጥ ስለነበር፣ ወርክሾፑ ገዝቶ አመጣው ቢባል ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። እኛ እውነተኛ ታሪክ ያለን ሰዎች ነን። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችውን ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን እዚሁ አገር ሠራ። ጣሊያን ወስዷት በሙዚየም አስቀመጣት፤ የተመለሰችልን በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ዘመን የት እንደነበረች የማያውቅ ልጅ ሞልቷል፤ ስለ ፀሐይ ያልሰማ ልጅ የእናንተን ላይሳንደር አይቶ እውነት ነው ብሎ ቢሄድ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ስለዚህ በማዕከሉ ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ ፀሐይ በፎቶግራፍና በነጭ ካርድ ትቀመጥ። የምናቡ አውሮፕላን ከእርሷ በኋላ፣ በቢጫ ካርድ፣ «ይህ አልነበረም» ከሚል የመጀመሪያ መስመር ጋር ይቀመጥ። ጽሑፉም በጉልህ ፊደል ይሁን፤ እኔም ያለ መነጽር እንዳየው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

የአባታችንን አስተያየት በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ካርዶቹን ለመጻፍ እኔ ፈቃደኛ ነኝ። እኔ የማቀርበው ስለ ቁሳቁሱ ነው፤ ለሞዴል የሚሆን ስስ ፕላስቲክ በከተማችን ስለማይሸጥ መምህርታችን ያሉት 15 ሚሊ ሜትር ከምን እንደሚሠራ መታወቅ አለበት።

መልሱ ቤታችን ውስጥ አለ፤ እርሱም የድሮ መዝሙር ሲዲ ማቀፊያ ነው። ማቀፊያው እንደ ኪቱ ሁሉ ፖሊስታይሪን ከተባለው ፕላስቲክ ስለሆነ፣ የኪቱ ማጣበቂያ ሁለቱንም አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። ጠባዩ ግን ተሰባሪ ነው፤ በመቀስ ከተቆረጠ ይፈነጠራል፤ በምላጭ ሦስት አራት ጊዜ መስመር ከተሰመረበት በኋላ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ሁለት ቁራጭ ተደራርቦ ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ከዚያ በሞረድ፣ ቀጥሎም በውኃ በተነከረ የብርጭቆ ወረቀት የክንፉን ጉብታ ይይዛል። የውኃ መጠጫ ጠርሙስና ያገለገለ የባንክ ካርድ ግን በዚህ ማጣበቂያ አይያዙም፤ ለእነርሱ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። ለስንጥቁ ስቱኮ መግዛትም አያሻም፤ የኪቱ ክፍሎች የሚመጡበትን ፍሬም ከትፎ በማጣበቂያው ውስጥ ማሟሟት በቂ ነው። የሬዲዮ ሽቦውም ከዚያው ፍሬም ይወጣል፦ በጧፍ ነበልባል ላይ ሳይነካ እየተሽከረከረ ይሞቃል፣ ለስለስ ሲል ከእሳቱ ወጥቶ ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ ፀጉር የሚያህል ክርም ይሆናል። ቸኩሎ የሳበ ይበጥሰዋል፤ እሳቱ ላይ እንዳለ የሳበ ያቃጥለዋል።

የጊዜ ሰሌዳውንም ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልናገር። ባለፈው ታኅሣሥ በጠዋት፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ የአንድ ወር ሥራዬን ደጅ አውጥቼ በስፕሬይ ቀባሁት፤ ቀለሙ አልፈስ ብሎ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተጉረብርቦ ደረቀ፣ እርሱን ለመፋቅም ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ቫርኒሹን ያነጣዋል። ስለዚህ መቁረጡና ማጣበቁ ተማሪው እቤቱ በሚውልበት በሐምሌና በነሐሴ ተሠርቶ፣ ቀለሙ ከመስቀል በኋላ እኩለ ቀን ላይ ቢቀባ ይሻላል፤ ጣሳውም አስቀድሞ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ እሳት ዳር አይጠጋ።

ከሸዋ ሮቢት፣ አባል

አጭር ጥያቄ አለኝ። ላይሳንደሩ ጎማው ላይ ቦምብ የሚሸከምባቸው ትንንሽ ክንፎች አሉት፤ መትረየስም አለው። እነዚህ በሙሉ እንዲቀሩ እጠይቃለሁ። ልጆቻችን የመሣሪያ ድምፅ አልጠፋባቸውም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሸዋ ሮቢቱ ጥያቄ ያለ ክርክር ተቀባይነት አግኝቷል፤ የመሣሪያው ክፍሎች ሳይቆረጡ ለሰጪው ይመለሳሉ። ዳኮታውንም አላከሰክስም፤ አባታችን ትክክል ናቸው፣ እኔ ታሪኩን ለማድመቅ ብዬ የጻፍኩት ነበር።

ለማዕከሉ የሚላከው ጽሑፍ ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው ተስተካክሏል፦ «ማኅበራችን ከተጓደሉ የአውሮፕላን ሞዴል ኪቶች ክፍሎችን በማጣመር በ1፡72 መጠን የምናብ አውሮፕላን ለመሥራት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛና የሚከፈት መስኮት እንዲፈቀድልን በአክብሮት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሥራ በ1939 ዓ.ም. በትርፍ ሞተር እንደታደሰ የሚታሰብ፣ ፖስታና ሕመምተኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን ሲሆን፣ የተነሣበት ሜዳ ከፍታ፣ የክንፉና የአፍንጫው ለውጥ ምክንያት በጽሑፍ ይቀርባል። ስለ ፀሐይ አውሮፕላን የሚያስረዳው ነጭ ካርድ ከምናቡ ሥራ ፊት ይቀመጣል፤ የምናቡ ሥራም ያልነበረ መሆኑ በቢጫ ካርድ በጉልህ ይጻፋል።» የሚከፈት መስኮት የጨመርኩት የማጣበቂያው ሽታ በዝግ ክፍል ራስ ስለሚያዞር ነው፤ ለማዕከሉም ይህንኑ እናስረዳለን።

ያልተቋጨው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዳኮታው ሁለተኛው ሞተር ይተርፋል፤ ደብረ ሲናም አንኮበርም ይፈልጉታል። አስቀድሞ ግማሽ ገጽ ላቀረበ ይሰጣል። እስከዚያው ሞተሩ ከነፕሮፔለሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመዝገብ ያዣችን ሣጥን ውስጥ ይቆያል፤ የሲዲ ማቀፊያ ያላችሁ ግን ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን።