ባክቴሪያ ኦርጋኔል አለው ወይስ የለውም? ፈተና ላይ ተሳስተሻል ተባልኩ

የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን የሙከራ ፈተና ላይ «ፕሮካርዮቲክ ሕዋሶች ኦርጋኔል የላቸውም» የሚል የእውነት/ሐሰት ጥያቄ ነበር። ፕሮካርዮቲክ ማለት እንደ ባክቴሪያ ኒውክለስ የሌለው ሕዋስ፣ ኦርጋኔል ደግሞ በሕዋስ ውስጥ የራሱ ሥራ ያለው ክፍል ነው ብዬ ነው የማውቀው። ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም እንዳለው ስለማውቅ «ሐሰት» ብዬ መለስኩ፤ የስሕተት ምልክት ተደረገበት። መምህራችንን ስጠይቃቸው «ኒውክለስ የለ፣ ሚቶኮንድሪያ የለ፣ ምን ቀረው ታዲያ?» አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ ያለው ሠንጠረዥ በአንድ በኩል «አለው»፣ በሌላው በኩል «የለውም» እያለ ይወርዳል እንጂ ምክንያቱን አይነግረኝም፤ አጥንቼው በሦስተኛው ቀን ይጠፋብኛል። ማን ነው ትክክል? እንዴትስ ብይዘው ይሻላል?

ጡረታ የወጣው መምህር፦
ልጄ፣ ጎደሎው ጥያቄው ነው። «በሽፋን የተከበበ» የምትል ሐረግ ወድቃበታለች። እሷ ብትኖር መልሱ ያለ ክርክር «እውነት» ነበር፤ ኒውክለስ፣ ሚቶኮንድሪያ፣ ጎልጂ፣ ሁሉም በሽፋን የታጠሩ ናቸው፣ በባክቴሪያ ውስጥም አይገኙም። ራይቦዞም ግን ከአር ኤን ኤ እና ከፕሮቲን የተሠራ እንጂ ሽፋን የለውም። አንዳንድ መጽሐፍ ኦርጋኔል ይለዋል፣ አንዳንዱ ሽፋን ስለሌለው አይለውም። አንቺና መምህርሽ በሁለት የተለያዩ ትርጉሞች ነው የተለያያችሁት። በዋናው ፈተና መጀመሪያ ያችን ሐረግ ፈልጊ።

አንድ አንባቢ፦
አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ማዕድ ቤት የለውም፤ ወጥ ግን ይሠራል። ባክቴሪያም ሚቶኮንድሪያ ባይኖረውም በኦክስጅን ኃይል የሚያመርት ከሆነ ሥራውን በራሱ የሕዋስ ሽፋን ላይ ያከናውነዋል። ከሠንጠረዡ ላይ «የለውም» የሚል ባየሽ ቁጥር «ታዲያ ሥራው የት ይሠራል?» ብለሽ ከጎኑ ጻፊ። እኔ የያዝኩት በዚህ ነው።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦
ምሳሌው ጥሩ ነው፤ በዓይን ማየት ግን ይበልጣል። እናትሽ የጤፍ ሊጥ ሲያቦኩ ከላይ የሚጠልለውን ቢጫ እርሾ አንድ ጠብታ ወደ ትምህርት ቤት ይዘሽ ሂጂ። ሜቲሊን ሰማያዊ የተባለውን ቀለም ጨምረሽ በማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ ስታዪው ሞላላ የሆኑ፣ አንዳንዶቹ ከጎናቸው ትንሽ እንቡጥ ያወጡ ሕዋሶች ታገኛለሽ፤ እነዚያ ዩካርዮት፣ ማለትም ኒውክለስ ያላቸው ናቸው። በመካከላቸው የተበተኑት ደቃቅ ዘንጎች ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ ርዝመታቸው አንድ ሁለት ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። በሞላላው ሕዋስ ውስጥ ነጣ ያለ ክብ ነገር ይታይሻል። ተማሪ ሁሉ «ኒውክለስ!» ብሎ ይጮሃል፤ ፈሳሽ የሚያጠራቅመው ከረጢት፣ ቫኪዩል ነው። በዘንጎቹ ውስጥ ምንም አይታይሽም።

ፋርማሲስቱ፦
ተማሪዋ ራይቦዞምን ማንሳቷ ደስ ብሎኛል፤ የእኛ ሙያ ግማሽ እንጀራ እዚያ ላይ ነው። የባክቴሪያው ራይቦዞም 70ኤስ፣ በእኛ ሕዋስ ፈሳሽ ውስጥ ያለው 80ኤስ ነው። (የባክቴሪያው ራይቦዞም ሁለት ክፍሎች 50ኤስ እና 30ኤስ ሆነው ሳለ አንድ ላይ 70ኤስ መባላቸው አያስገርምሽ። «ኤስ» በሴንትሪፉጅ ውስጥ የመዝቀጥን ፍጥነት የሚለካ እንጂ እንደ ኪሎ የሚደመር አይደለም።) ለትራኮማ የሚቀባው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት 30ኤስ የሚባለውን የባክቴሪያ ራይቦዞም ክፍል ይይዝና ፕሮቲን መሥራቱን ያስቆመዋል፤ የዓይናችንን ሕዋስ ግን ብዙም አይነካም።

አሁን ደግሞ የሚያስገርመው። ሚቶኮንድሪያ በእኛ ውስጥ እያለ የራሱ ክብ ዲ ኤን ኤ አለው፤ በሰው ላይ 37 ጂኖች ያሉት። ራይቦዞሙም ወደ ባክቴሪያ ያደላል። ሊን ማርጉሊስ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ሚቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን በሌላ ሕዋስ የተዋጠ ባክቴሪያ ዝርያ ነው ብላ ተከራከረች፤ ዛሬ ይህ ተቀባይነት ያገኘ ሐሳብ ነው። የወባ ተሕዋስ ዩካርዮት ሆኖ ሳለ ዶክሲሳይክሊን የተባለው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ አፒኮፕላስት የተባለ፣ ከአልጌ የወረሰው ኦርጋኔል በውስጡ አለ፣ የዚያም ራይቦዞም እንደ ባክቴሪያ ነው።

ጡረታ የወጣው መምህር፦
ለሠንጠረዥሽ አንድ ልጨምርልሽ። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ የሚታወቅበት ስፒሩሊና ባክቴሪያ ነው። ክሎሮፕላስት የለውም፣ ግን ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ክሎሮፊሉ በሕዋሱ ውስጥ በተዘረጉ ታይላኮይድ ሽፋኖች ላይ ነው። ውኃው ላይ የሚያንሳፍፉት በፕሮቲን የተሸፈኑ የጋዝ ከረጢቶችም አሉት። ስለዚህ ባክቴሪያን «ባዶ ከረጢት» የሚል ማስታወሻ ካለሽ ሰርዢው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ «ሥራው የት ይሠራል» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ጨምሬያለሁ። አንድ የቀረኝ፦ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስም ሚቶኮንድሪያም የለውም። ታዲያ ፕሮካርዮት ሊባል ነው?

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦
አይባልም። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲያድግ ኒውክለስ ነበረው፤ ለሄሞግሎቢን ቦታ ለመልቀቅ ጥሎት ነው ወደ ደም ሥር የገባው። የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ኒውክለሱን አይጥልም። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ አንዲት ጠብታ በስስ መስታወት ላይ ቀብተሽ አድርቂና ይዘሽ ሂጂ፤ ቀለም ሲነካው መሐሉ ላይ ጠቆር ብሎ ይታይሻል።