ከአዲስ አበባ የተላከልኝ በርበሬ ጀርመን ጉምሩክ ላይ ቆሟል፤ ደረሰኝ አምጣ ተብያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ በፈጣን ፖስታ አንድ ካርቶን ላከችልኝ። ውስጡ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ትንሽ ኮረሪማና አንድ ነጠላ አለ። ቅቤና ቋንጣ የለበትም። የእንስሳት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት በፖስታ እንደማይገባ ስለምናውቅ አስቀድመን ትተነዋል።

ጀርመን እስኪገባ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም። መጨረሻው ኢቲ በሆነው የመከታተያ ቁጥር እያየሁ ነበር። ከዚያ «ጉምሩክ ላይ» ይላል፣ በቃ። ቀጥሎ ደብዳቤ መጣ፤ የግዢ ደረሰኝ ይቅረብ ይላል። ደረሰኙ ከየት ይምጣ? ዛላውን ከገበያ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ደልዛ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ያስፈጨችው ራሷ ናት። ስንት ቀን እንደሚለፋበት የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ካርቶኑ ላይ ባለው ሲኤን 23 በሚባለው የጉምሩክ ማሳወቂያ ቅጽ ላይ «ስጦታ» ተብሎ ተሞልቷል። የተጻፈው ዋጋ 30 ዩሮ ነው። ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ ስጦታ ደግሞ እስከ 45 ዩሮ ከቀረጥ ነፃ ነው። ይህንኑ ዘርዝሬ በኢሜይል ላክሁ፤ መልሱ ያው «ደረሰኝ» ሆነ። ስደውል አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል። የማቆያው ጊዜ ካለፈ ካርቶኑ ወደ ላኪ ይመለሳል፤ የእናቴ ድካም እንዲሁ ሜዳ ላይ እንዲቀር አልፈልግም።

እቤት የተዘጋጀ በርበሬ ተይዞባችሁ ያስለቀቃችሁ ካላችሁ፣ በደረሰኝ ፋንታ ተቀባይነት ያገኘላችሁ ሰነድ የትኛው ነው?