በሙቀት የተዘዋወረች ንግሥት ድንጉላ (ወንድ ንብ) ብቻ ስትጥል

መተማ_ንብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መጋቢት ላይ ንግሥቶችን በትንንሽ ሳጥን አድርጌ ወደ ሌላ ጣቢያ ሳጓጉዝ መኪናው ፀሐይ ላይ ለሰዓታት ቆሟል። በሕይወት ደርሰው ኅብረ ንቡ ተቀብሏቸዋል። አሁን ግን በሠራተኛ ንብ ክፍሎች ውስጥ ክዳኑ ያበጠ የድንጉላ እጭ በዝቷል። ያደረገው ሙቀቱ ነው?

አውራ_አርቢ፦
መጀመሪያ እንቁላሉን ይዩ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ሆኖ ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ የሚጥሉት ሠራተኞቹ ናቸው። አንድ አንድ ሆኖ መሐል ወለሉ ላይ ከቆመ የምትጥለው ንግሥቲቱ ናት። ከጉዞው በፊት ሠራተኛ ትፈለፍል ከነበረ ደግሞ ሙቀቱን ቢጠረጥሩ አይሳሳቱም። ንግሥት የምትራከበው በወጣትነቷ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ የወንዴውን ዘር በከረጢት አጠራቅማ ዕድሜ ልኳን ትጠቀምበታለች። እሷ ሙቀቱን ትቋቋማለች፣ ዘሩ ግን ይሞታል። ዘር ያላገኘ እንቁላል ድንጉላ ነው የሚሆነው።

መተማ_ንብ፦
በደንብ ብቀልባትስ አታገግምም?

አውራ_አርቢ፦
አታገግምም። ዳግም አትራከብምና ይተኳት።

የነፍሳት_ባለሙያ፦
እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ለሁለት ሰዓት ቆይታ ደህና ያለው ከ15 እስከ 38 ዲግሪ ያለውን ነው። በመጋቢት ቆላ ውስጥ የተዘጋ መኪና ይህን ቶሎ ያልፋል። ጎህ ሳይቀድ ያጓጉዙ፤ ከእያንዳንዷ ንግሥት ጋር ከ5 እስከ 8 ሠራተኞች ያስገቡ፤ ሳጥኑን እርጥብ ጨርቅ ያልብሱት፣ አየር ማስገቢያውን ግን አይሸፍኑ። ቴርሞሜትሩን መኪናው ላይ ሳይሆን ሳጥኖቹ መሐል ያድርጉት።

ድንጉሎቹንም አይርሱ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እነሱን ነው። የድንጉላ ዘር ተሠርቶ የሚያልቀው ከክፍሉ ሳይወጣ ስለሆነ ከተበላሸ አይተካም። በ42 ዲግሪ ለሰዓታት ከቆዩ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ቀፎው ደጅ ላይ የመራቢያ አካላቸው ወደ ውጭ ወጥቶ የሞቱ ካዩ የሙቀቱ ጉዳት ምልክት እሱ ነው። ጥላና ቅርብ ውሃ የግድ ነው፤ ሠራተኞቹ የእጩን ቦታ ከ34 እስከ 36 ዲግሪ የሚያቆዩት ውሃ ረጭተው በክንፍ በማራገብ ነው።

ለምትተካው ንግሥት ጊዜውን ያስሉ። ድንጉላ ከእንቁላል እስከ መውጫው 24 ቀን፣ ለተራክቦ እስኪደርስ 12 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ንግሥት በ16 ቀን ወጥታ በሳምንት ገደማ ለበረራ ትደርሳለች። ስለዚህ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ጤነኛ ኅብረ ንብ ውስጥ አዲስ የድንጉላ እንቁላል ካዩ፣ ለንግሥት የሚሆነውን እንቁላል ሁለት ሳምንት ቆይተው ያስጥሉ።