የወደቀው የአክሱም ሐውልት ይነሳ ወይስ እንደተኛ ይቅር?

ሸገርዬ፦ ሰላም ቤተሰብ። አክሱም ላይ ተሰባብሮ የተኛው ትልቁ ሐውልት፣ 33 ሜትሩን ማለቴ ነው፣ ለምንድነው ተጠግኖ የማይቆመው? የሮሙም እኮ ጣልያን በ1937 እ.ኤ.አ. ሲወስደው ወድቆ የተሰባበረ ነበር፣ ሮም ገጣጥመው አቆሙት፣ ተመልሶም በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። እኔ ይነሳ ባይ ነኝ።

ቤቲ አርክ፦ ሁለቱ አይወዳደሩም ሸገርዬ። የሮሙ 24 ሜትር፣ 160 ቶን አካባቢ ነው፣ እሱም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን በየተራ ነው የመጣው። የተኛው 520 ቶን ይገመታል። ዋናው ችግር ደግሞ ቅርጹ ታች ድረስ ስለወረደ መሬት ውስጥ እንዲገባ የተተወለት ክፍል 3 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ለዛ ቁመት ምንም ማለት ነው። ምን ላይ ልትተክለው ነው፣ ኮንክሪት ልትሞላበት?

ጋሽ ሙሉ፦ እኛ ስናድግ ዮዲት ጉዲት ናት የጣለችው ነበር የምንባለው። ጠላት የጣለውን ማንሳት ነውር የለውም ልጆች።

ወዲ አክሱም፦ ጋሼ እሱ እኛም ሰፈር ይወራል፣ ግን አርኪዮሎጂስቶቹ ሲያቆሙት ወይ ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ነው የወደቀው ነው የሚሉት። ጫፉ ያረፈበትን ይዩት። ነፋስ ማውጫ የሚባለው መቃብር ክዳኑ አንድ ድንጋይ ነው፣ ርዝመቱ 17 ሜትር፣ ክብደቱ 360 ቶን ገደማ፣ ሐውልቱ እሱ ላይ ወድቆ መቃብሩን አብሮ አፈረሰው። እሱን ካነሳችሁት ይሄን ሁሉ ነካካችሁት ማለት ነው። ደሞ አካባቢው ከስር መቃብር በመቃብር ነው፣ ያን ክሬን የት ልታቆሙት ነው?

ሸገርዬ፦ ወዲ እሺ፣ ግን ቱሪስቱ መጥቶ የተሰበረ ድንጋይ አይቶ ሲመለስ አያሳፍርም?

ቤቲ አርክ፦ ኧረ ተው! እኔ እንደውም ከቆሙት ይልቅ የተኛውን ነው የምወደው። የቆመው ላይ አንጋጠህ የማታየውን እዚህ ጎንበስ ብለህ ታየዋለህ፣ በሩ፣ መስኮቶቹ፣ ክብ ክብ ሆነው የወጡት የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት። እነሱ ጌጥ ብቻ እንዳይመስሉህ፣ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ግድግዳ ሲሠሩ ከግድግዳው የሚወጣው የእንጨት ጫፍ ነው፣ አሠራሩን ደብረ ዳሞ ሄደህ ዛሬም ታየዋለህ። አክሱም ዳር ዱንጉር የሚባለው ቦታ ያለው ጥንታዊ ትልቅ ቤት የቀረው ታችኛው ግድግዳና መሠረቱ ነው፣ ፎቁ የለም፣ ታዲያ አክሱሞች ፎቅ ሲያስቡ ምን ይታያቸው እንደነበር የሚነግረን ይሄ ባለ 13 ፎቅ ድንጋይ አይደል? ሰው በሐውልቱ ቁመት ብቻ ይፎክራል፣ እኔን የሚገርመኝ ግን ሐውልቱን ያሠራው ሰውዬ ለመቃብሩ ቤት ማስቀረጹ ነው።

ጋሽ ሙሉ፦ ይሄስ ልክ ነው። ግን ዝናብና ፀሐይ እየበላው ዝም ይባል?

ወዲ አክሱም፦ ዝም አይባልም ጋሼ። ብር ከተገኘ ግን መጀመሪያ ላልወደቀው ይዋል ነው የምለው። በትልቅነት ሦስተኛው፣ ዘንበል ብሎ የቆመው ሐውልት፣ የሮሙ ሲተከል በማሰሪያ ተደግፎ ነበር፣ እሱን ቸል ብለን የወደቀውን ስናነሳ እሱ ቢወድቅስ?

ሸገርዬ፦ በዚህስ አልከራከርም። ግን ቢያንስ በሙሉ ቁመቱ ኮፒ ይሠራለት፣ ልጆቻችን 33 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ አንጋጠው ይዩ።

ቤቲ አርክ፦ ኮፒው ይሠራ፣ ከሐውልቶቹ ግቢ ውጪ ከሆነ ግን ብቻ።