1780 የሚል ጠገራ ብር ዕድሜውና ዋጋው በምን ይታወቃል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ ሦስት ጠገራ ብርና አንድ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ወርሻለሁ። ጠገራዎቹ ሁሉም 1780 ይላሉ፤ አንዱ ለአንገት ጌጥ እንዲሆን ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። የምኒልኩ ላይ ፲፰፻፹፱ ተጽፏል። ሊገዛኝ የመጣ ነጋዴ ጠገራዎቹ ከ240 ዓመት በላይ እንደሆናቸው ነግሮኝ ሲያበቃ የሰጠኝ ዋጋ ግን ቢቀልጡ ከሚያወጡት እምብዛም አይበልጥም። በሎሚና በአመድ ባጸዳቸው እንደሚጨምርልኝም መክሮኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1
ነጋዴው ከተናገረው ዕድሜ ይልቅ የሰጠዎት ዋጋ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ምስላቸው በጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሞቱ በኋላ ብራቸው በቀይ ባሕር ንግድ እጅግ ተፈላጊ ስለነበር፣ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ከ1936 ጀምሮም በለንደን ሲታተም ኖሯል፤ ስለዚህ ጠገራዎ በዕድሜ ከአያትዎ ቢያንስ አይግረምዎ። ሚዛኑ 28.07 ግራም ገደማ፣ የብር ይዘቱም ከሺህ 833 ሊሆን ይገባል። ይህም 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ስለሆነ፣ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር የዕለቱን ዋጋ በዚያ ቢያባዙ ከዚህ በታች መሸጥ የሌለብዎትን ልክ ያገኛሉ። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ሐሰተኛ ነው። የምኒልኩ ብር በሚዛን ከጠገራው ጋር እኩል ያህል ቢሆንም ዋጋው በአንበሳውና በንጉሡ ምስል ጥራት ስለሚለያይ፣ ከጠገራዎቹ ጋር ደርበው ሳይሆን ለብቻው ያስገምቱት።

መልስ 2
አመዱን እባክዎ ይተዉት። ጥቁረቱ ብር በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውሁድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ ሽፋን እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ሲፈተግ የብሩ ገጽ አብሮ ይላጣል፣ ጭረቱም በአጉሊ መነጽር ወዲያው ይታያል። እኔ በወጣትነቴ የ1936 ዓ.ም. የብር ሃምሳ ሳንቲም በሎሚ አሽቼ እንደ አዲስ ማንኪያ አብረቅርቄው ነበር፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰብሳቢ የለም። ጭቃ ካለበት በተጣራ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ሳያሹ በለስላሳ ጥጥ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያድርቁት። ሲይዙት ጠርዙን ይያዙ። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ ስለሚተውበት አሲድ በሌለው ወረቀት ይጠቅልሉት፣ ከወጥ ቤት እንፋሎትም ያርቁት። ማንጠልጠያውን አያስነቅሉ፤ ብየዳው ጠባሳ ይተዋል፣ ጌጥነቱም ይጠፋል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ይኸው ነጋዴ የአክሱም ዘመን የመዳብ ሳንቲም እንዳለውም ነግሮኛል።

መልስ 1
አይግዙት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማሳወቅ ይጠበቅበታል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ሐሰተኛ ከሆነ ገንዘብዎን ያጣሉ፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደተገኘ መልስ መስጠት የሚኖርብዎት እርስዎ ይሆናሉ።